አንድ ስም ሁለት ሰው፣ ሁለት ስም አንድ ሰው
በኮምፒዩተር ቋንቋ ስም እንዴት እንደሚፈለግ

(ለወላጆችና ኮምፒዩተር ለሚማሩ ወጣቶች በተዘጋጀ ምሽት ላይ የተሰጠ ንግግር። ለአንባቢ እንዲመች ሆኖ በጽሑፍ ቀርቧል።)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ስም ነው። ይኸውም ስለ ሰው ስም ብቻ ሳይሆን ልጆቻችን በትምህርት ቤት በሚማሩት የኮምፒዩተር ቋንቋ ውስጥ ስላለው ስም ነው። "ይህ የመምህራን ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?" የሚል ይኖራል። የሚያገባን መሆኑን በመጀመሪያ ላስረዳ።

ብዙ ልጆቻችን የኮምፒዩተር ሳይንስን በሐሜሽ የሒዶት ለመማር ይመዘገባሉ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በደኅና ያልፋሉ። "ይህን ደምር፣ ይህ ከሆነ ያንን አድርግ፣ ይህን አሥር ጊዜ ድገም" የሚለው ለማንም ይገባል። ቀጥሎ ፋንክሽን የሚባለው ምዕራፍ ይመጣል። ልጆቹ በዕብራይስጥ ፉንክትሲያ ይሉታል። ያን ጊዜ ልጁ ራሱ ያስቀመጠው ቁጥር ይጠፋበታል፤ መቶ ብሎ የጻፈው ዜሮ ሆኖ ይመጣበታል፤ ማሽኑም "እንዲህ የሚባል ስም አላውቅም" ይለዋል። ልጁ ቤት ሲገባ "ይህ ትምህርት ለእኔ አይሆንም" ይላል። ወላጅም ልጁ ካለ ብሎ፣ ከትምህርቱ እንዲወጣ የሚጠይቀውን ወረቀት ይፈርማል። ያ ፊርማ ልጁ በሚያገኘው ባግሩት፣ በጦር ሠራዊቱ ውስጥ በሚመደብበት ሥራ፣ ከዚያም በኋላ በሚከፈትለት የእንጀራ በር ላይ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል።

በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ከተማርኳቸው ነገሮች አንዱ፣ ተማሪ "ምንም አይገባኝም" ሲል ብዙውን ጊዜ ያልገባው ሁሉም ነገር ሳይሆን አንድ ነገር መሆኑን ነው። በዚህ ምዕራፍ ላይ ያ አንድ ነገር፣ ኮምፒዩተሩ አንድን ስም ሲያይ የት ሄዶ እንደሚፈልገው አለማወቅ ነው። ይህ ደግሞ በአማርኛ ሊነገር የሚችል ነገር ነው። እስቲ አብረን እንየው።

ስም እና ባለስሙ

ኮምፒዩተር ውስጥ የሚቀመጥ ነገር ሁሉ፣ ቁጥር ቢሆን ጽሑፍ ቢሆን ዝርዝር ቢሆን፣ በማሽኑ ማስታወሻ ውስጥ ቦታ ይይዛል። ፕሮግራም የሚጽፈው ሰው ለዚያ ነገር ስም ያወጣለታል፤ ከዚያም በስሙ ይጠራዋል። ልጆቻችሁ ሚሽታኔ የሚሉት ይህንኑ ነው። "ስምን መልአክ ያወጣዋል" ይባላል፤ እዚህ ግን ስም አውጪው ራሱ ጸሐፊው ነው፤ መልካምም ይሁን መጥፎ ተጠያቂው እሱ ነው።

ስም ሌላ፣ ባለስሙ ሌላ ነው። ይህን እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። በዘመቻ ሙሴም ሆነ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከመጡት ልጆች ብዙዎቹ የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸዋል። ልጅቷ በቤት ውስጥ በአንድ ስም፣ በትምህርት ቤት በሌላ ስም ትጠራለች፤ ልጅቷ ግን አንዲት ናት። በትምህርት ቤት ብትታመም ቤት ውስጥ ያለችውም የታመመች ናት። በኮምፒዩተርም ሁለት ስም አንድ ነገር ላይ ሊታሰር ይችላል። በአንደኛው ስም ጠርታችሁ አንድን ዝርዝር ብታስረዝሙት፣ በሁለተኛው ስም ስትጠሩት ረዝሞ ታገኙታላችሁ፤ ዝርዝሩ አንድ ነውና።

የዚህ ተቃራኒም አለ። አንድ ስም ሁለት የተለያዩ ባለቤቶች ሊኖሩት ይችላል። በእናንተ ቤት አስቴር አለች፤ በጎረቤትም አስቴር አለች። እናት ከማድ ቤት "አስቴር!" ብትል የምትመጣው የቤቷ አስቴር ናት። ማንም ሰው "የትኛዋን ነው?" ብሎ አይጠይቅም። በቤት ውስጥ አስቴር የምትባል ከሌለች ግን ስሙን የሰማ ሁሉ የጎረቤቷን ያስባል። ኮምፒዩተርም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ስምን ከቅርብ ጀምሮ ወደ ሩቅ ይፈልጋል፤ ባገኘበት ያቆማል።

አራቱ ደረጃዎች

ለምሳሌ የምንወስደው ፓይተን የተባለውን ቋንቋ ነው። ይህ ቋንቋ ጊዶ ቫን ሮሱም በተባለ ሆላንዳዊ የተፈጠረ ሲሆን ለሕዝብ የወጣው በ1991፣ ማለትም ዘመቻ ሰሎሞን በተካሄደበት ዓመት ነው። በማሽኑ ላይ የቋንቋው የራሱ ቃላት የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ እዚህ ግን ለማንበብ እንዲመች በእኛ ፊደል ጽፌአቸዋለሁ። ዴፍ የሚለው ቃል "ከዚህ በታች አዲስ ፋንክሽን ይሠራል" ማለት ነው። ፕሪንት ማለት "አሳይ" ማለት ነው።

ፋንክሽንን እንደ አንድ ክፍል ቁጠሩት። የራሱ በር አለው፤ በውስጡ የሚወጡ ስሞች የእሱ ናቸው። ፓይተን በክፍሉ ውስጥ አንድ ስም ሲነበብ በሚከተለው ቅደም ተከተል ይፈልጋል፦

አንደኛ፣ በዚያው ክፍል ውስጥ። ይህ ሎካል ይባላል።
ሁለተኛ፣ ክፍሉ በሌላ ክፍል ውስጥ የተሠራ ከሆነ በዙሪያው ባለው ክፍል ውስጥ።
ሦስተኛ፣ በፋይሉ ውስጥ ከክፍሎች ሁሉ ውጭ፣ ግቢው ላይ። ይህ ግሎባል ይባላል።
አራተኛ፣ ከቋንቋው ጋር አብረው በመጡ ስሞች መካከል። እነዚህ ቢልት ኢን ይባላሉ፤ ፕሪንት ራሱ ከነዚህ አንዱ ነው።

በአራቱም ካልተገኘ ማሽኑ ኔም ኤረር ብሎ ይቆማል። "ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ" ማለቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ግሎባል የሚለው ቃል "የዓለም ሁሉ" የሚል ትርጉም ስላለው ልጆች ስሙ በሁሉም ፋይል የሚታይ ይመስላቸዋል። በፓይተን ግን ግሎባል ማለት የአንድ ፋይል ግቢ ነው። ሌላው ፋይል የራሱ ግቢ አለው።

አሁን ይህን ተመልከቱ፦

    ገንዘብ = 100
    ዴፍ ቁጠር():
        ገንዘብ = 5
        ፕሪንት(ገንዘብ)
    ቁጠር()
    ፕሪንት(ገንዘብ)

ማሽኑ መጀመሪያ 5፣ ቀጥሎ 100 ያሳያል። ግቢው ላይ ገንዘብ የሚባል አለ፤ በክፍሉ ውስጥም ገንዘብ የሚባል ሌላ ተወለደ። በክፍሉ ውስጥ ስንጠራ የቅርቡ መጣ፤ ከክፍሉ ስንወጣ የግቢው እንደነበረ አለ። የውስጡ ስም የውጭውን ለጊዜው ጋረደው እንጂ አላጠፋውም። ልጁ "መቶ ብዬ የጻፍኩት ለምን ወደ አምስት አልተለወጠም?" ብሎ የሚናደደው በዚህ ነው። ክፍሉ ሥራውን ሲጨርስ በውስጡ የተወለደው ስም አብሮ ይሄዳል። ክፍሉ እንደገና ሲጠራ ስሙ እንደ አዲስ ይወለዳል፤ ያለፈውን ጊዜ አያስታውስም።

ብዙ ተማሪ የሚቆምበት ቦታ

አሁን የምነግራችሁ ልጆች ብዙ የሚደናገሩበትን ነው። የእቁብ ሒሳብ የሚይዝ ፕሮግራም እንጽፍ፦

    ድምር = 0
    ዴፍ ጨምር(መዋጮ):
        ድምር = ድምር + መዋጮ
    ጨምር(50)

ማንም ሲያየው ትክክል ይመስላል። ማሽኑ ግን አንባውንድ ሎካል ኤረር ብሎ ይቆማል። ልጁም "ድምር ግቢው ላይ አለ፤ ከቅርብ ካጣኸው ከሩቅ ፈልግ ብለውኝ የለም ወይ?" ይላል። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

መልሱ እንዲህ ነው። ፓይተን ፋንክሽኑን ከማሠራቱ በፊት ከላይ እስከ ታች ያነበዋል። በክፍሉ ውስጥ የትም ቦታ ላይ ለአንድ ስም በእኩል ምልክት ዋጋ ከተሰጠ፣ "ይህ ስም የዚህ ክፍል ልጅ ነው" ብሎ ይመዘግበዋል። ምዝገባውም ለክፍሉ በሙሉ ነው። እንግዲህ ድምር የክፍሉ ልጅ ሆኖ ተመዘገበ። ሥራው ሲጀመር ከእኩል ምልክቱ በስተቀኝ ያለውን "ድምር + መዋጮ" ለማስላት ድምርን ይጠራል። የክፍሉ ድምር ግን ገና ምንም አልተሰጠውም። ስሙ በክፍሉ መዝገብ ላይ አለ፤ ባለስሙ ገና አልመጣም። ፓይተንም ወደ ግቢው ወጥቶ አይፈልግም፤ የክፍሉ ልጅ እንደሆነ አስቀድሞ ወስኗልና።

ስለዚህ ማንበብና ዋጋ መስጠት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የግቢውን ስም ከክፍል ሆኖ ማንበብ ያለ ፈቃድ ይቻላል። የግቢውን ስም ከክፍል ሆኖ ሌላ ነገር ላይ ማሰር ግን አስቀድሞ መናገር ይጠይቃል። በክፍሉ መጀመሪያ ላይ "ግሎባል ድምር" ተብሎ ከተጻፈ፣ ፓይተን የግቢውን ድምር ይይዛል፤ ስሕተቱም ይቀራል። ስሙ ያለው በዙሪያው ባለው ክፍል ውስጥ ከሆነ ደግሞ ኖንሎካል የሚባል ቃል አለ፤ እሱ የተጨመረው በ2008 ከወጣው ፓይተን 3 ጋር ነው።

ጥሩ መምህር ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ ያሳያል፦

    ዴፍ ጨምር(ድምር, መዋጮ):
        ሪተርን ድምር + መዋጮ
    ድምር = ጨምር(0, 50)

እዚህ ላይ ክፍሉ የሚያስፈልገውን በበር ተቀበለ፤ ሠርቶ የጨረሰውን በበር መለሰ። በግቢው ንብረት ላይ እጁን አላስገባም። ይህ የተመረጠበት ምክንያት አለ። ፕሮግራሙ ሲረዝምና ሃያ ክፍሎች ሁሉ ግሎባል ብለው አንዱን ድምር ሲነካኩት፣ ሒሳቡ በተበላሸ ቀን ማን እንዳበላሸው ለማወቅ ሃያውንም መመርመር ይጠይቃል። የእቁቡ ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ማንም እየገባ የሚቆጥረው ቢሆን ዳኛው ምን ሊል እንደሚችል አስቡት።

አንድ ልዩ ሁኔታ ልጨምር። ግቢው ላይ ያለ ዝርዝር ቢሆንና በክፍሉ ውስጥ "ዝርዝር.አፔንድ(50)" ተብሎ ሃምሳ ቢጨመርበት፣ ያለ ግሎባል ይሠራል። ልጆች "ያኛው ተከልክሎ ይህኛው እንዴት ተፈቀደ?" ይላሉ። ምክንያቱ ስሙ ወደ ሌላ ነገር አለመዛወሩ ነው። ዝርዝር የሚለውን ስም አነበብን፤ ባለስሙን አገኘነው፤ በባለስሙ ላይ ጨመርንበት። ስሙ እዚያው በታሰረበት አለ።

የቋንቋውን ስም መጋረድ

ሌላው የተለመደ ችግር ከአራተኛው ደረጃ ጋር የተያያዘ ነው። ፓይተን ሊስት የሚባል የራሱ ስም አለው፤ ዝርዝር ለመሥራት ያገለግላል። ልጁ የክፍል ጓደኞቹን ስም ሰብስቦ "ሊስት" ብሎ ይሰይመዋል። ማሽኑ አይከለክለውም። ከሃያ መስመር በኋላ እውነተኛውን ሊስት ሲጠራ ግን የቅርቡ፣ ማለትም የጓደኞቹ ዝርዝር ይመጣል፤ ፕሮግራሙም ይቆማል። ልጁ ስሕተቱን የሚፈልገው በሃያኛው መስመር ላይ ነው፤ ስሕተቱ የተሠራው ግን በመጀመሪያው መስመር ላይ ነው። ስለዚህ ከቋንቋው ጋር የመጡትን ስሞች ለራስ ነገር አለመስጠት ጥሩ ልማድ ነው።

ፋንክሽን የሚያስበው የተወለደበትን ቤት ነው

አንድ ፋንክሽን በአንድ ቦታ ተጽፎ በሌላ ቦታ ሊጠራ ይችላል። ታዲያ ስም የሚፈልገው በተጻፈበት ነው ወይስ በተጠራበት? ይህን ተመልከቱ፦

    ቀለም = "ነጭ"
    ዴፍ አሳይ():
        ፕሪንት(ቀለም)
    ዴፍ ቤት():
        ቀለም = "ጥቁር"
        አሳይ()
    ቤት()

መልሱ ነጭ ነው። አሳይ የተጠራው ቤት በሚባለው ክፍል ውስጥ ቢሆንም የተጻፈው ግቢው ላይ ነው። ስለዚህ ቀለምን የሚፈልገው በግቢው ነው። ከጎንደር ገጠር የመጣ ሽማግሌ ሐይፋ ተቀምጦ "ወንዙ" ሲል በልቡ ያለው የተወለደበት መንደር ወንዝ እንደሆነ ማለት ነው። ልጆች ይህን ጥያቄ ሲያዩ ብዙ ጊዜ "ጥቁር" ብለው ይመልሳሉ። "ፋንክሽኑ የት ተጻፈ?" ብለው ራሳቸውን ቢጠይቁ አይሳሳቱም።

ይህ ሕግ ሁልጊዜ የነበረ አይደለም። ጆን ማካርቲ በ1958 በጀመረው ሊስፕ በተባለው ቋንቋ የመጀመሪያዎቹ ዓይነቶች ውስጥ ስም የሚፈለገው በጠሪው በኩል ነበር፤ በዚያ ሕግ ከላይ ያለው ፕሮግራም ጥቁር ይል ነበር። በ1960 የወጣው አልጎል 60 ደግሞ ፕሮግራሙን እንደ ሳጥን በሳጥን ውስጥ ከፋፍሎ፣ ስም በተጻፈበት ሳጥን እንዲፈለግ አደረገ። በ1975 ጄራልድ ሳስማንና ጋይ ስቲል ያወጡት ስኪም የተባለው የሊስፕ ልጅ ይህንኑ የአልጎልን ሕግ ያዘ። ዛሬ ጃቫም፣ ሲ ሻርፕም፣ ፓይተንም የሚሄዱት በዚሁ ነው። ምክንያቱም ሰው ጽሑፉን ብቻ አይቶ ስሙ የማን እንደሆነ ሊያውቅ ስለሚችል ነው። ፓይተን ራሱ መጀመሪያ ላይ ሦስት ደረጃ ብቻ ነበረው፤ በዙሪያ ባለው ክፍል መፈለግ የተጨመረው በ2001 ነው። ቋንቋውን የሠሩት ሰዎች እንኳ ይህን ነገር ለማስተካከል ዓመታት ከወሰደባቸው፣ ልጃችን በአንድ ሳምንት አልገባኝም ቢል አይፈረድበትም።

ጃቫና ሲ ሻርፕ ለሚማሩ

በትምህርት ቤት ጃቫ ወይም ሲ ሻርፕ የሚማሩ ልጆች ሁለት ልዩነት ይወቁ። አንደኛ፣ በእነዚህ ቋንቋዎች በሁለት ቅንፎች መካከል የወጣ ስም የሚኖረው እስከ መዝጊያው ቅንፍ ብቻ ነው። "አሥር ጊዜ ድገም" በሚለው ውስጥ የወጣ ስም ከድግግሙ በኋላ አይታወቅም። በፓይተን ግን "ይህ ከሆነ" እና "ድገም" የራሳቸው ክፍል አይደሉም፤ በውስጣቸው የወጣ ስም የፋንክሽኑ በሙሉ ነው። ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው የሚሸጋገር ልጅ እዚህ ላይ ይደናቀፋል።

ሁለተኛ፣ ክላስ የሚባለው ነገር ውስጥ የሚገባ ዋጋና የሚቀመጥበት ቦታ አንድ ዓይነት ስም ሲኖራቸው፣ ልጁ "ስም = ስም" ብሎ ይጽፋል። የቅርቡ ስም በበር የገባው ስለሆነ ማሽኑ የገባውን ለራሱ መልሶ ይሰጠዋል፤ የሚቀመጥበት ቦታ ባዶ ይቀራል። መፍትሔው "ዚስ.ስም = ስም" ብሎ መጻፍ ነው። ዚስ ማለት "የዚህ ነገር የራሱ" ማለት ነው።

የአባት ስም ነጥብ

በአገራችን አስቴር የሚባሉ በአንድ መንደር ሲበዙ "አስቴር ታደሰ" እያልን በአባት ስም እንለያለን። ኮምፒዩተርም የአባት ስም አለው፤ የሚለያየው አባት ቀድሞ ልጅ መከተሉ ብቻ ነው፤ በመካከላቸውም ነጥብ ይደረጋል። በፓይተን የሒሳብ ስሞች ማዝ በሚባል ሌላ ፋይል አሉ። "ኢምፖርት ማዝ" ካልን በኋላ "ማዝ.ፓይ" ብለን እንጠራለን፤ "የማዝ ልጅ ፓይ" እንደ ማለት ነው። የእኛ ፋይል ውስጥ ሌላ ፓይ ቢኖር አይጋጩም። ሁሉንም ስም ያለ አባት ወደ ራስ ግቢ ማስገባትም ይቻላል፤ ነገር ግን ከገቡት አንዱ የእኛን ስም ሳናውቅ ሊተካው ይችላል። ከነጥብ በኋላ ያለ ስም ፍለጋው በአራቱ ደረጃዎች አይደለም። በመጀመሪያ በዚያ ነገር ላይ፣ ከዚያ በክላሱ፣ ከዚያም በክላሱ ወላጆች ይፈለጋል።

ስሙ በፊደሉ ልክ መሆን አለበት

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ የገባው በ1999 ነው። በዚህም ምክንያት ዛሬ በፓይተን 3ም ሆነ በጃቫ ለነገር ስም በራሳችን ፊደል ማውጣት ይቻላል። ለልጅም ለአዋቂም ሲጀመር ይረዳል፤ የትኛው የቋንቋው ቃል፣ የትኛው እኛ ያወጣነው ስም እንደሆነ በዓይን ይለያልና። ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እኛ "ፀሐይ" እና "ጸሐይ" ብለን ስንጽፍ አንድ ቃል ነው። ለማሽኑ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። "ዓለም" ብሎ ሰይሞ "አለም" ብሎ የሚጠራ ልጅ ኔም ኤረር ያገኛል።

ይህ ነገር ከትምህርት ቤት ውጭም ይገጥመናል። ስማችን በዕብራይስጥ ሲጻፍ አንዱ ጸሐፊ በጤት፣ ሌላው በታው ይጽፈዋል። አንዱ መሥሪያ ቤት የአያትን ስም የቤተሰብ ስም ያደርጋል፤ ሌላው የአባትን። የአንድ እናትና አባት ልጆች ሆነው በሁለት የቤተሰብ ስም የተመዘገቡ አሉ። ከዚያ በኋላ ጸሐፊዋ ስማችንን በማሽኑ ላይ ስትጽፍ "የለም" ይላታል። ማሽኑ ሰውየውን ሳይሆን ፊደሉን ነው የፈለገው። የመታወቂያው ዘጠኝ አኃዝ ቁጥር የሚጠቅመው በዚህ ነው፤ ስሙ በተለያየ መንገድ ቢጻፍም ቁጥሩ የአንድ ሰው ነው። "የለህም" ስትባሉ ሳትደነግጡ በቁጥሩ እንዲፈለግ ጠይቁ፤ በየወረቀታችሁም ላይ ስማችሁ አንድ ዓይነት ፊደል መያዙን አረጋግጡ።

ለወላጆች ሦስት ጥያቄዎች

እናቶችና አባቶች ሆይ፣ ፕሮግራም መጻፍ አይጠበቅባችሁም። ልጃችሁ ከማሽኑ ፊት ተቀምጦ ሲናደድ ግን ሦስት ጥያቄ ልትጠይቁት ትችላላችሁ።

አንደኛ፣ "ይህ ስም የተወለደው የት ነው? በዚህ ክፍል ውስጥ ነው ወይስ በግቢው?" በሉት።
ሁለተኛ፣ "እዚህ ቦታ ላይ ስሙን እያነበብከው ነው ወይስ ዋጋ እየሰጠኸው?" በሉት።
ሦስተኛ፣ "ከዚህ ቀረብ ብሎ በዚሁ ስም የሚጠራ ሌላ አለ ወይ?" በሉት።

ልጁ ለመመለስ ሲል ጣቱን በመስመሮቹ ላይ እያስኬደ ይናገራል፤ ሲናገርም ብዙውን ጊዜ ስሕተቱን ራሱ ያየዋል። መልሱን እናንተ ማወቅ የለባችሁም። ጥያቄውን ማወቃችሁ ይበቃል።

በወላጆች ቀን፣ በዮም ሆሪም፣ መምህሩ "ልጁ ይከብደዋል" ቢላችሁ፣ "የትኛው ምዕራፍ ነው የከበደው? ከዚያ በፊት የነበረውስ እንዴት ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ "ፋንክሽን ላይ ነው የቆመው" ከሆነ፣ ከትምህርቱ የሚያስወጣውን ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት ልጁ አስረጂ አግኝቶ ሁለትና ሦስት ሳምንት እንዲሠራ ጊዜ ጠይቁ። ጊዜ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ድፍረትም አይደለም።

እናንተ ይህን ትምህርት ያለፋችሁ ወጣቶችም ድርሻ አላችሁ። በሳምንት አንድ ምሽት በማትናስ ተቀምጣችሁ ለታናናሾቻችሁ እነዚህን ትንንሽ ፕሮግራሞች በወረቀት ላይ ብታስረዱ፣ ማሽን እንኳ አያስፈልግም። ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ሳጥን ሥሩ፤ በውስጡ ስሞቹን ጻፉ፤ ከዚያ ስሙ ከየትኛው ሳጥን እንደሚመጣ ልጁ በጣቱ እንዲያሳይ አድርጉ። እንደኔ እምነት፣ አንድ ልጅ ይህን ሥራ በሦስት አራት ምሽት ከሠራ ያን የሚፈራውን ምዕራፍ ሊያልፈው ይችላል።

 በርቱ፤ ልጆቻችንንም እናበርታ።